ህዋስ ያርባ ቀን ዕድል አለው ወይ? አንድ ጥያቄና 24 መልስ

የመክፈቻው ጽሑፍ

በዚህ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት በንዴት ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዙኦሎጂ አስተምራለሁ። በአጋማሽ ፈተና ላይ የአሲዲያን ልብ ከየት እንደሚነሳ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ አወጣሁ። አንዲት ተማሪ፣ ልብ የሚሆኑት ህዋሳት ልብ የሚሆኑት ጎረቤቶቻቸው ምልክት ስለሚሰጧቸው ነው ብላ ጻፈች። 2 ማርክ ቀነስኩባት። ቢሮዬ ድረስ መጥታ ተከራከረችኝ፤ አልሰማኋትም። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እዚህ መጥቼ ጻፍኩ። የሚፈርድልኝ ሰው ፍለጋ መሆኑ ነው።

የጻፍኩት ባጭሩ ይህን ነበር። አሲዲያን ባሕር ውስጥ ድንጋይ ወይም የመርከብ ሆድ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው ከረጢት የሚመስል እንስሳ ነው። ባንዱ ቀዳዳ ውሃ ይስባል፣ ምግቡን ያጣራል፣ በሌላው ይተፋል። አዋቂውን ያየ ሰው ይህ ከደንደሴ እንስሳት ጋር ይዛመዳል ቢሉት ይስቃል። እጩን ሲያይ ግን ሳቁን ይተዋል። እጩ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነች፣ የእንቁራሪት እጭ የምትመስል ባለጭራ ዋናተኛ ናት። ጭራዋ ውስጥ ኖቶኮርድ የሚባለው ዘንግ አለ፤ የኛ አከርካሪ በሽልነታችን በዙሪያው የሚሠራበት ያው ዘንግ ነው። በላዩ የነርቭ ቱቦ ተጋድሟል፤ በግራና በቀኙ ጡንቻ ተሰልፏል። ሲዮና በምትባለው ዝርያ መላዋ እጭ 2,600 ገደማ ህዋስ ብቻ ናት። ኖቶኮርዱ ልክ 40፣ የጭራው ጡንቻ ልክ 36 ህዋስ ነው። በ18 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እንቁላሉ ዘር ካገኘ በ18 ሰዓት ገደማ ትፈለፈላለች።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ፍርዴ ገባሁ። እነዚህ ህዋሳት የሚከፈሉበት ሥርዓት ከሽል ሽል አይለያይም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ለእያንዳንዱ ህዋስ ስም ሰጥተውታል። ሎራን ሻብሪ በ1887 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለሁለት ከተከፈለ እንቁላል አንዱን ህዋስ በመርፌ ወግቶ ሲገድል፣ የቀረው ህዋስ የእጭ ግማሽ ብቻ ሆኖ ቀረ። ኤድዊን ኮንክሊን በ1905 አሜሪካ ባለችው ዉድስ ሆል የአንዱን አሲዲያን እንቁላል በማይክሮስኮፕ ሲከታተል፣ እንቁላሉ ውስጥ የጨረቃ ቅርጽ ይዞ የተቀመጠው ቢጫ ነገር ሄዶ ሄዶ የጭራ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ አየ። እንግዲህ እያንዳንዱ ህዋስ ያርባ ቀን ዕድሉን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጎረቤት ምን አገባው? መጨረሻ ላይ ተሳስቼ ይሆን ብዬ ጠየቅኩ። የይስሙላ ጥያቄ ነበር።

1ኛ

የመጀመሪያዋ መላሽ አውሮፓ ውስጥ ላብራቶሪ የምትሠራ ናት። ሰላምታ አስቀድማ፣ አንቱ እያለች፣ ስለ ጡንቻው ልክ መሆኔን ነገረችኝ። ሆኖም የኮንክሊን ቢጫ ቀለም ራሱ ምንም እንደማያደርግ አስረዳች። ቀለሙ ቦታውን ያመለክታል እንጂ ሥራውን የሚሠራው እናቲቱ እንቁላሉ ውስጥ ያስቀመጠችው አርኤንኤ፣ ማለትም የጂን መልእክት ቅጂ ነው። ኒሺዳና ሳዋዳ በ2001 ሃሎሲንቲያ በምትባለው የጃፓን አሲዲያን ላይ አገኙትና ማቾ-1 አሉት። እሱ ሲጠፋ የጭራው ዋናዎቹ የጡንቻ ህዋሳት ይጠፋሉ። ሌላ ቦታ ሲጨመር ደግሞ ጡንቻ ሊሆን የማይገባው ህዋስ ጡንቻ ይሆናል። ስንቁን የቋጠረችው እናት ናት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ ማንበቤን አቆምኩ። ከሥር የጨመረችውን ያየሁት በማግስቱ ነው። ከ36ቱ የሲዮና ጡንቻዎች ይህን ስንቅ ይዘው የሚነሱት 28ቱ ናቸው። ጭራው ጫፍ ላይ ያሉት 8ቱ ከሌላ ሐረግ የመጡ ስለሆኑ ጡንቻ ለመሆን ከሌሎች ህዋሳት ጋር መነጋገር አለባቸው። ስለዚህ ጡንቻው እንኳ ሙሉ በሙሉ የኔ ምስክር አልሆነም። ይህን ሁሉ ስትል አንድም ቦታ ተሳስተዋል የሚል ቃል አልወጣትም።

2ኛ እና 3ኛ

ሁለተኛው ፎቶ ይለጠፍልን አለ፤ ሌላ ነገር የለውም። ሦስተኛው ቀልደኛ ነው፤ ይህ እንስሳ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የራሱን አንጎል እንደሚበላ የሆነ ቦታ ሰምቷል። ያንን ይዞ ወንበር ካገኙ በኋላ ማሰብ ያቆሙ የሚያውቃቸውን ኃላፊዎች ዘረዘረ፣ በስም ሳይሆን በመሥሪያ ቤት ዓይነት። 40 ላይክ አገኘ። የኔ መክፈቻ እስከዚያ ሰዓት 6 ነበረው።

4ኛ

አራተኛው ቀልዱን ለማረም የመጣ ቁም ነገረኛ ነው። እጯ አትበላም፤ አፏ ገና አልተከፈተም። ግንባሯ ላይ ባሉ ሙጫ አመንጪ ጉብታዎች ድንጋይ ላይ ትለጠፍና ጭራዋ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ኖቶኮርዱ፣ ጡንቻው፣ አብዛኛው የነርቭ ህዋስ ይፈርሳል፤ ፍርስራሹም ለአዲሱ አካል ግብዓት ይሆናል። ነገር ግን ከእጩ የነርቭ ቱቦ የሚተርፉ ህዋሳት አሉ፤ የአዋቂው የነርቭ ሥርዓት ከእነሱ ይነሳል። ቤት ሲታደስ ግድግዳው ፈርሶ መሠረቱና ድንጋዩ እንደሚቀረው ዓይነት ነው ሲል ገለጸው። በዚያ ላይ የእጯ ማዕከላዊ ነርቭ ያን ያህል የሚበላ አንጎል አይደለም፤ በ2016 አንድ በአንድ ሲቆጠር 177 የነርቭ ህዋስ ነው የተገኘበት። ቀልደኛው ለዚህ መልስ የሳቅ ምልክት ብቻ ሰጠ።

5ኛ

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከረረው። አምስተኛው ሰው ሰላምታ የለውም። ከ1905 ወዲህ ያለ ነገር አላነበብክም ወይ ብሎ ጀመረ፣ በአንተ። ጡንቻውን ትተህ ኖቶኮርዱን ተመልከት አለኝ። በ1994 ናካታኒና ኒሺዳ ሽሉ 32 ህዋስ ላይ ሲደርስ ኖቶኮርድ የሚሆነውን ህዋስ ነጥለው ብቻውን ሲያሳድጉት ኖቶኮርድ አልሆነም። ከጎረቤቱ ጋር፣ በተለይም አንጀት ከሚሆነው ህዋስ ጋር ሲያገናኙት ሆነ። ቀጥሎ ኤፍጂኤፍ የሚባለው የምልክት ፕሮቲን ብቻውን ያንን የጎረቤት ሥራ እንደሚሠራ ታየ።

ያስተኛኝን ነገር ግን ያስቀመጠው ቀጥሎ ነው፤ «ያስተኛኝ» ያልኩት በቦክስ እንደሚባለው ነው። አንዲት እናት ህዋስ ለሁለት ስትከፈል አንደኛዋ ልጅ ኖቶኮርድ፣ ሁለተኛዋ የነርቭ ቱቦ ትሆናለች። ምልክቱን በመድኃኒት ብትዘጋው ሁለቱም ነርቭ ይሆናሉ። እንግዲህ ያች ህዋስ ዕድሏ ተጽፎ ከመጣ፣ ምልክቱ ሲቀር ለምን ሌላ ዕድል ያዘች? መልሱን ሳይጠብቅ፣ ማርክ ቀናሽ መሆን የነበረባት እሷ ናት እንጂ አንተ አይደለህም ብሎ ወጣ።

6ኛ (እኔ)

መልስ ሰጠሁ። አሁን ሳነበው ያሳፍረኛል። ጥያቄው ስለ ልብ እንጂ ስለ ኖቶኮርድ አልነበረም አልኩ። ልብ ጡንቻ ነው፣ ጡንቻ ደግሞ ከእናት ነው ብዬ ሞገትኩ። ከዚያም ስለ አነጋገር ሥርዓት ሁለት መስመር ጨመርኩ። ክርክሩ ሲያጥረኝ ወደ ሥርዓት መዞሬ ነው።

7ኛ

ሰባተኛው ደግሞ እኔን ሊያግዝ መጥቶ ባሰብኝ። ከሳይንሱ አንድ ቃል ሳይናገር አምስተኛውን ሰው መምህር አያከብርም፣ ያሳደገህ ማን ነው እያለ ሰደበው። አወያዩ ግማሹን ሰርዞታል።

8ኛ

ደግነቱ ስምንተኛው መጣ። መሐንዲስ ነኝ ይላል፤ ባዮሎጂ የተማረው 10ኛ ክፍል ነው። አምስተኛው ሰው ያለውን ሲያነብ ኖቶኮርድ ምን እንደሚመስል ማየት አማረውና ቪዲዮ ፈልጎ አየ። ያየውን የጻፈበት መንገድ እኔ ክፍል ውስጥ ለ11 ዓመት ከተናገርኩት ይሻላል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ሽሉ 110 ህዋስ ሲሆን የኖቶኮርድ ቀዳሚዎች 10 ናቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ይከፈሉና 40 ይሆናሉ፤ ከዚያ በቃ፣ መከፈል የለም። ከዚህ በኋላ የሚረዝመው ዘንግ የሚረዝመው ህዋስ በመጨመር ሳይሆን ያሉት ቦታ በመቀያየራቸው ነው። መሐንዲሱ ይህን ሲያይ ሜክሲኮ አደባባይ ማታ 12 ሰዓት ላይ ያለው የታክሲ ሰልፍ ትዝ አለው። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ጎን ለጎን ተከማችቶ ይቆማል። ተራ አስከባሪው ሲጮህ እያንዳንዱ ትከሻውን በሁለት ሰው መሀል ያስገባል፤ የጎኑ ሰው ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። ክምሩ ጠበበ፣ ሰልፉ ረዘመ፤ አንድም ሰው አልተጨመረም። ህዋሶቹም እንደዚያ ጣት የመሰለ ነገር ወደ መሀል መስመር እየላኩ በጎረቤቶቻቸው መሀል ይሰነጠቃሉ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደተደረደረ ሳንቲም አንድ በአንድ ይቆማሉ።

ከዚያ ሳንቲሞቹ ይወፍሩና ከበሮ ይሆናሉ። በየሁለቱ ከበሮ መሀል ትንሽ የፈሳሽ ኪስ ትከፈታለች። ኪሶቹ እያደጉ ይገናኙና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቱቦ ይሆናሉ፤ ውሃ የሞላው የጎማ ቱቦ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ዘንጉም ይጠነክራል። ጡንቻዎቹ በግራና በቀኝ ሲስቡት ጭራዋ የምትወዛወዘው ይህን ተደግፋ ነው።

መጨረሻ ላይ፣ ርእስህን ያርባ ቀን ዕድል ያልከው ህዋሶቹ 40 ስለሆኑ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አስቤበትም አላውቅም ነበር። አዎ አልኩት።

9ኛ እና 10ኛ

ዘጠነኛዋ ጎንደር ተወልዳ እስራኤል፣ ቤር ሼቫ የምትኖር እናት ናት። ልጆቿን ይዛ ቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ኤይላት በሄደች ጊዜ ከባሕሩ ዳር የመወጣጫው ምሰሶ ላይ ጥቁር፣ እርጥብ ቆዳ የሚመስሉ ከረጢቶች አይታ ፕላስቲክ ቆሻሻ መስሏት ነበር። ትንሹ ልጅ አንዱን በጣቱ ጫን ሲያደርገው ውሃ ፊቷ ላይ ረጨባት። ይህን ክር እስክታነብ ድረስ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን አታውቅም። አሁን ያ ጥቁር ነገር ልብ አለው ወይ ብላ ጠየቀች። ሰባት ሰው ሲጨቃጨቅበት የነበረውን ጥያቄ አንስታ ያለ ጠብ ያስቀመጠችው እሷ ብቻ ናት።

አሥረኛው አዎ አለው አላትና ስሙን ነገራት፣ ፋሉሲያ ኒግራ። ስሙን የሰጠው ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ የወረደው ፈረንሳዊው ሳቪኒ ነው፣ በ1816፣ ከዚያው ከቀይ ባሕር በተገኘ ናሙና። ሳቪኒ እነዚህን ትንንሽ እንስሳት በዝርዝር ሲሥል ኖሮ በኋላ ዓይኑ ታምሞ ብርሃን ማየት አልቻለም። መላሹ ይህን ከነገረን በኋላ ስለ ልቡ ሳይናገር ሄደ።

ከ11ኛ እስከ 16ኛ

አሥራ አንደኛው ሴንዳይ፣ ጃፓን የሚማር ነው። የኒሺዳ ሃሎሲንቲያ እዚያ ገበያ ላይ በኪሎ እንደምትሸጥ ጻፈ። ሆያ ይሏታል፤ ስሙ ለቡሄ የተፈጠረ ይመስላል አለ። ሚያጊ የምትባለው አውራጃ ዋና አምራቿ ናት፤ የ2011ዱ ሱናሚ እርባታውን ጠራርጎት ነበር። ቀምሷታል። ብረት ብረት፣ ባሕር ባሕር ይላል፤ ሁለተኛ አልደገመም።

እዚህ ላይ ክሩ ከእጄ ወጣ። አሥራ ሁለተኛው በጾም ይበላል ወይ አለ። አሥራ ሦስተኛው ከባሕር ስለወጣ እንደ ዓሣ ነው፣ ስለ ዓሣ ደግሞ ክርክር አለ አለ። አሥራ አራተኛው ዘሌዋውያን 11ን ጠቅሶ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት በጾምም በፍስክም እርኩስ ነው ሲል ዘጋው። አሥራ አምስተኛው ካባው፣ ማለትም የውጭ ሽፋኑ፣ ሴሉሎስ ያለበት እንስሳ ግማሹ አትክልት አይሆንም ወይ ብሎ ሊከፍተው ሞከረ። ሴሉሎሱ እውነት ነው፤ አሲዲያኖች የእንጨትና የጥጥ ዋና ነገር የሆነውን ሴሉሎስ ራሳቸው እየሠሩ ካባቸው ውስጥ ያስገባሉ። መደምደሚያው ግን ጾመኛን አያድንም። አወያዩ በ16ኛው የጾሙን ጉዳይ ወደ ሌላ ክፍል እንዳዛወረው አሳወቀ። እስካሁን እየተከራከሩበት ነው፤ ከኛ በልጧል።

17ኛ እና 18ኛ

አሥራ ሰባተኛው፣ እንግዲህ ከዚህ ከረጢት ነው የመጣችሁት ልትሉን ነው ብሎ በቁጣ ጻፈ። የፈራሁት መልስ ነበር፤ እንዲህ ያለው ክር እዚህ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይሞታል።

የመለሱት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ልጄ እያሉ ነው የሚጽፉት። ማንም ከአጎቱ ልጅ አይወለድም አሉት። የነገሩንም ታሪክ ነው። ይህ እንስሳ ለረጅም ጊዜ ከቀንድ አውጣና ከመሰሎቹ ጋር ተመድቦ ነበር። ኔፕልስ ባሕር ዳር የአሲዲያን ሽል ያጠናው ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ እጩ ኖቶኮርድና የነርቭ ቱቦ እንዳላት አሳየ። ዳርዊን በ1871 ይህን ግኝት አንስቶ ጻፈ። ጋሼ ቀጠሉና እኔንም ሳያስከፉኝ አረሙኝ። መክፈቻዬ ላይ ለአዋቂው ያሳየሁት ንቀት ጥሩ አልነበረም። ብዙ ሰው ለደንደሴዎች የቅርቡ ዘመድ ዓሣ የሚመስለው አምፊዮክሰስ ነው ብሎ ያስብ ነበር። በ2006 የብዙ ጂኖች ንጽጽር ሲደረግ ግን የቅርቡ ዘመድ ይኸው ከረጢት ሆነ። ቀላል መስሎ የሚታየው ከመጀመሪያው ቀላል ስለነበር ሳይሆን ብዙ ነገር እየጣለ ስለመጣ ነው። የሲዮና ጂኖም በ2002 ሲነበብ 16,000 ገደማ ጂን ነው የተገኘበት። የሰውነትን ቅደም ተከተል የሚመሩት ሆክስ ጂኖች እንኳ በኛ ውስጥ እንዳሉት አንድ ላይ አልተሰደሩም፤ ተበታትነዋል።

አሥራ ሰባተኛው አልመለሰም፤ ግን ላይክ አደረገላቸው። እኔም አየሁ።

19ኛ

ይህን ክር ለምን እንደከፈትኩ ያስታወሰኝ የሕፃናት ልብ ሐኪም ነው። ዘጠነኛዋ እናት መልስ ሳታገኝ መቅረቷን አይቶ ለእሷ ብሎ ጀመረ።

ባለ 110 ህዋሱ ሽል ውስጥ፣ አለ፣ ሁለት ህዋሳት አሉ፤ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ። ሜስፕ የሚባለው ጂን የሚበራው በእነሱ ነው። ይህ ጂን በእኛም ሽል ውስጥ ልብ ሊሆኑ በሚነሱት ህዋሳት ይበራል። ሁለቱ አራት ይሆናሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው እኩል ባልሆነ አከፋፈል ትልቅና ትንሽ ይወልዳሉ። አራቱ ትልልቆቹ ባሉበት ቀርተው የጭራ ጡንቻ ይሆናሉ። አራቱ ትንንሾቹ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከጭራው ሥር ተነስተው በእጯ ሆድ በኩል ወደፊት ይሳባሉ፤ የግራዎቹና የቀኞቹ መሀል ላይ ይገናኛሉ። የዚያ ጥቁር ከረጢት ልብ የሚጀምረው ከእነዚህ አራት ነው። እጯ እየዋኘች ሳለ ገና አይመታም። ድንጋይዋን ይዛ ስትለወጥ ነው መምታት የሚጀምረው፤ ሲመታም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲገፋ ቆይቶ ቀጥ ይልና ወደ ሌላው ይገፋል። ሐኪሙ በሥራው እንዲህ የሚያደርግ ልብ ቢያጋጥመው ሩጫ እንደነበር ጨመረ።

ታዲያ ትንሿ ለምን ልብ ሆነች፣ ትልቋ ለምን ጭራ ሆነች? ያው ኤፍጂኤፍ። ትንሿ ላይ ምልክቱ ይሠራል፤ ትልቋ ላይ አይሠራም። ምልክቱ ከተዘጋ ማንም አይሳብም፤ ስምንቱም የጭራ ጡንቻ ይሆናሉ። በ2006 ብራድ ዴቪድሰንና ባልደረቦቹ የተገላቢጦሹን አደረጉ። የምልክቱ መልእክት በሁሉም ውስጥ እንዲነበብ ሲያደርጉ ጭራ የሚሆኑትም ጭምር ተነስተው ሄዱ። ልቡ ተለቀ፤ ከእንስሳቱ ባንዳንዶቹ ላይ ሁለት ክፍል ያለው፣ የሚመታ ልብ ሆነ። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ልብ ጥቂት ህዋስ ስለተጨመረለት!

ሐኪሙ እዚህ ላይ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰ። ከእነዚህ ትንንሽ ህዋሳት ልጆች ከፊሎቹ ልብ አይሆኑም፤ ውሃ መትፊያው ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ይሠራሉ። ይህ በ2010 ታየ። በሰው ሽልም የልብ ከፊልና የፊትና የመንጋጋ ጡንቻዎች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ዘመዳሞች ናቸው። ዲጆርጅ የሚባለው ሕመም ያለበት ሕፃን የልብ ጉድለትና የላንቃ ችግር አንድ ላይ ይዞ ሲመጣ እናትየው ልብና ላንቃ ምን አገናኛቸው ትለዋለች። በዚያ ሕመም ስሙ የሚነሳው ቲቢኤክስ-1 የተባለው ጂን ዘመዱ አሲዲያን ውስጥም አለ፤ ሥራውም ያንኑ የቀዳዳ ጡንቻ መለየት ነው። ከአሁን በኋላ ለእናቶቹ ምን ብዬ እንደማስረዳ አገኘሁ አለ፣ ከረጢቱን ሳልጠቅስ።

20ኛ (እኔ)

ተሸነፍኩ ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ማን ከሁለቱ ህዋሳት አንዷ እንደሚሆን የሚወስነው በእናቲቱ ስንቅ የሚጀመር ሰንሰለት ነው፤ ማቾ-1 እዚያም እጁ አለበት። ከእነዚያ ልጆች የትኛዋ ልብ እንደምትሆን ግን ስንቁ አይነግራትም። ጥያቄዬ ደግሞ ስለ ሁለተኛው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ተማሪዋን አስጠርቼ 2 ማርኳን መለስኩ። አመሰግናለሁ አላለችም፤ አንገቷን ነቀነቀች፣ ወረቀቷን ተቀብላ ወጣች። እኔም ብሆን አልልም ነበር።

አምስተኛውንም ሰው ይቅርታ ጠየቅኩት።

21ኛ

የጤና መኮንን ናት፤ ሥራዋ ደጋ ወረዳ ውስጥ ነው። ልብ ስለተነገረ እንቅርትም ይነገር አለች። አሲዲያንም ሆነ አምፊዮክሰስ ጉሮሮው ወለል ላይ ንፍጥ የሚያመነጭ ቦይ አለው፤ ኢንዶስታይል ይባላል። ምግብ የሚያጣራበት ንፍጥ ከዚያ ነው የሚወጣው። ይህ ቦይ ከባሕሩ ውሃ አዮዲን ይሰበስባል። ላምፕሬይ የሚባለው መንጋጋ አልባ ዓሣ እጩ ሳለ ይኸው ቦይ አለው፤ ወደ አዋቂ ሲለወጥ ቦዩ ተለውጦ ታይሮይድ ይሆናል። የኛ የእንቅርት ዕጢ እንግዲህ ባሕር ውስጥ የለመደውን አዮዲን ተራራ ላይ ይዞት ወጣ፤ የደጋው አፈር ደግሞ በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑን ጨርሷል። አንገታቸው ያበጠ እናቶችን አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፣ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ወጡ ከወጣ በኋላ ጨምሩት እያለች ስትለምን ነው የምትውለው። ስለ አምፊዮክሰስ እጭም አንድ ነገር ጣል አደረገች። አፏ የሚከፈተው በግራ ጎኗ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ የጉሮሮ ቀዳዳዎች ደግሞ በቀኝ ይሰለፋሉ፤ ኋላ ነው የሚስተካከሉት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህች ናት ብላ ሳቀች።

22ኛ እና 23ኛ

አምስተኛው ሰው ተመለሰ። ይቅርታዬን ተቀበለው መሰለኝ፤ አንቱ አለኝ። ሁለቱንም ወገን የሚያሳፍር ነገር ይዣለሁ አለ። የእጯ ራስ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉ፤ አንዱ ብርሃን የሚያውቀው ዓይን ላይ ያለ ቀለም፣ አንዱ ላይና ታችን የሚነግራት ክብደት። ሁለቱ የሚነሱት ከግራና ከቀኝ ካሉ ሁለት አቻ ህዋሳት ነው። የነርቭ ቱቦው ሲዘጋ መሀል መስመር ላይ ይገናኙና አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ትሰለፋለች። ከኋላ የቆመችው የዓይን ትሆናለች፣ ከፊት ያለችው ክብደት። የግራዋ ናት የቀኟ ከፊት የምትቆመው? እንዳጋጣሚ ነው። ያርባ ቀን ዕድል ይቅርና ዕጣ ነው የሚጣለው አለ።

የመጀመሪያዋ መላሽ ቀጥላ መጣች፣ እንደ ልማዷ በትሕትና። ዕጣው ቦታውን እንጂ ሥራውን አይሰጥም፤ ከኋላ ያለችው የዓይን የምትሆነው እዚያ ቦታ የሚደርሳት ምልክት ስላለ ነው አለች። አምስተኛው ልክ ነሽ አላት። በዚህ ክር ውስጥ ይህን ቃል ሲያወጣ የመጀመሪያው ነው።

24ኛ

የመጨረሻው ስሙን ቀይሮ የገባ ነው፤ ከክፍሌ መሆኑ ግን ከጥያቄው ቁጥር ታወቀኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቧል። በዚያ ጥያቄ ላይ የልብ ህዋሳት ዕድላቸው ከእንቁላሉ ተጽፎ ይመጣል ብሎ መልሶ፣ ሙሉ ማርክ አግኝቶ ነበር። አሁን ይቀነስብኛል ወይ ብሎ በአክብሮት ይጠይቃል። ውጤት የሚገባው ዓርብ ነው። እስካሁን አልመለስኩለትም።